ከበሩ ውጪ ያለው ቤት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ቤት መግዛት ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ስለ መግዛትና ገብቶ ስለ መኖር። ብዙዎቻችሁ "የት ሰፈር ይሻላል? ሰሚት ወይስ ጀሞ? የካ አባዶ አይርቅም ወይ?" ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ደግሞ ከሰፈሩ በፊት ብሎኩን ጠይቁ ነው የምለው። ለምን እንዲህ እንደምል ዛሬ ልዘርዝርላችሁ።

ቤት ልናይ ስንሄድ ምን እናያለን? ደላላው በር ይከፍታል፣ እንገባለን። ሶፋው የት እንደሚቀመጥ፣ አልጋው መኝታ ቤቱ ውስጥ ይበቃ እንደሆነ በዓይናችን እንለካለን። ሴራሚኩን እናያለን፣ ቁም ሳጥኑ ይቀር እንደሆነ እንጠይቃለን፣ በረንዳው ላይ ወጥተን ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ እናያለን። ካሬው ስንት ነው? ካርታ ወጥቶለታል? የባንክ ዕዳው አልቋል? እንዲህ ብለን መጠየቃችን ትክክል ነው፤ የሚወጣው ገንዘብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። የእቁብ ብር አለበት፣ የእናት መሬት ተሸጦ የመጣ አለበት፣ ዱባይ ወይም ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እህት የላከችው አለበት።

ግን ወደዚያ በር ለመድረስ የወጣነውን ደረጃ ማን ያጸዳዋል? መብራቱ ሲቃጠል ማን ይቀይረዋል? ጣራው ሲያፈስ ማን ያሠራዋል? ይህን የሚጠይቅ ገዢ በጣም ጥቂት ነው።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው፤ ጠበቃና ውልና ማስረጃ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ። ዕጣ የወጣለት ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይፈቀድለት ብዙ ቤት በውክልና ሲሸጥ ኖሯል። በውክልና የገዛችሁ እንደሆነ ወካዩ፣ ማለት ሻጩ፣ ቢሞት ውክልናው ይቋረጣል፣ እናንተም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ትንከራተታላችሁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይላል። ቀብድም ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቤቱ ላይ እገዳ መኖር አለመኖሩን ሳታጣሩ ብር እንዳትከፍሉ። የወረቀቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ደረጃው ልመለስ። ኮንዶሚኒየም የምንለው ነገር እኮ በሕግ ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ቁልፉ በእናንተ ኪስ ያለው ቤት ነው። ሁለተኛው የጋራ የሆነው ነው፤ ጣራው፣ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ፣ ግቢው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይህንን የጋራ ንብረት እንዲያስተዳድር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው የሰጠው። ወጪውንም ባለቤቶቹ ይሸፍናሉ ይላል። ስለዚህ ካርታውን በስማችሁ ያዞራችሁ ዕለት፣ ወደዳችሁም ጠላችሁም፣ የማኅበር አባል ሆናችኋል። ማኅበሩ የሞተ ከሆነ ደግሞ የሞተ ማኅበር ገዛችሁ ማለት ነው።

ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሆን ከራሴ ብሎክ ልንገራችሁ። የእኛ ብሎክ እንደ አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ከግራውንዱ በላይ አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ግራውንድና አንደኛ ፎቅ ይደርስና ከዚያ በላይ አይወጣም። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው እንቅልፉን ትቶ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ውሃ የሚያወጡላቸው የጎረቤት ልጆች ነበሩ።

የማኅበሩ ኮሚቴ ታች ትልቅ ሮቶና ፓምፕ እናስገባ፣ ውሃው ሌሊት ሮቶውን ይሙላ፣ ፓምፑ ወደ ላይ ይግፋው አለ። መዋጮው በየቤቱ እኩል። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሎኩ ሥር ተሰበሰብን። ግራውንድ ያሉት ገና ሳይጨረስ "እኛ ውሃ አለን፣ ለምን እንከፍላለን?" አሉ። ነገሩ ከረረ። አንዱ "ታዲያ ላይ ያለው ለብቻው ይክፈል" አለ፣ ሌላው "እናንተ መጀመሪያ ሱቅ ብላችሁ አጥራችሁ የያዛችሁትን ግቢ መልሱ" አለ። ስብሰባው ሊበተን ሲል እማማ ከተቀመጡበት በርጩማ ላይ ሆነው ተናገሩ።

"ልጆቼ" አሉ፣ "የሽንት ቤቱ መስመር ሲዘጋ የሚገነፍለው የት ነው? እናንተ ቤት ነው። እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ሽታውም አይደርሰን። ባለፈው ክረምት ለማስጠረጊያ አዋጡ ስትሉን እኛ ጋ አልደረሰም ብለን ቀረን?"

ዝም ተባለ። ቀጥሎ ከግራውንዶቹ አንዱ፣ ቅድም አምርሮ ሲከራከር የነበረው፣ "እንክፈል እንጂ፣ ይሁን" አለ። ከዚያ በኋላ የከፈለው ሰው ስም ዝርዝር፣ በቤት ቁጥር፣ መግቢያው ላይ በፕላስተር ተለጠፈ። ሰው ሲገባና ሲወጣ ያነበዋል። አንዲት የኮሚቴ አባል በየሳምንቱ በእስክሪብቶ እየጨመረችበት ወረቀቱ ጠርዙ አለቀ። ሁሉም አልከፈለም፤ እስከ ዛሬ ያልከፈለ ባለቤት አለ። ፓምፑ ግን ገባ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ሲነሳ ድምፁ በግድግዳው ውስጥ ይሰማል፤ እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። የፓምፑ ክፍል ቁልፍ ያለው እማማ ቤት ነው። ሰው አምኖ የሰጣቸው እሳቸውን ነው።

ይህን የነገርኳችሁ አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለ ቤት ሲሸጥ ዋጋው ከታችኞቹ ይቀንሳል፤ ደላላ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ምክንያቱ ደረጃውና ውሃው ነው። ደረጃውን ማንም አያሳጥረውም። ውሃውን ግን ጎረቤቶች ተስማምተው ማስተካከል ይችላሉ። እንግዲህ ከዋጋው ልዩነት ውስጥ አንዱ ክፍል የሲሚንቶና የብረት ጉዳይ አይደለም፣ የሰዎች ስምምነት ነው። ተመሳሳይ ካሬ፣ ተመሳሳይ ፎቅ፣ ተመሳሳይ ሳይት፣ ሁለት የተለያየ ብሎክ፤ አንደኛው የሚኖሩበት፣ ሌላኛው የሚሸሹት ሊሆን ይችላል።

ስለ ጋራ መገልገያውም ልጨምር። ሳይቶቹ ሲሠሩ በየግቢው ለጋራ የሚሆን ቤት አብሮ ይሠራ ነበር፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሐዘን ሲሆን ሰው የሚቀመጥበት። አሳቡ ግሩም ነበር። ፎቅ ላይ የሚኖር ሐበሻ ሰርጉን፣ ክርስትናውን፣ ተዝካሩን ጥሎ አይመጣም ብሎ ያሰበ ሰው ነው ያቀደው። ብዙ ቦታ ግን ተከራይቶ መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኗል። ገቢው ለማኅበሩ ገብቶ ጣራ ቢያሠራ ባልከፋኝ። ሐዘን ደርሶ ድንኳን መንገድ ላይ ሲተከል፣ ወጡም ደረጃ ሥር ሲሠራ ሳይ ያመኛል።

ሌላው የተከራይ ጉዳይ ነው። በ1997 እና በ2005 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ዕጣ ደርሶት ሁሉም ገብቶ አልኖረበትም፤ ብዙው አከራይቷል። በብዙ ብሎክ ውስጥ በየቀኑ ደረጃውን የሚወጣው ተከራይ ነው፣ በስብሰባ ድምፅ ያለው ግን አከራዩ ነው፣ እሱም አይመጣም። ተከራዩ ደግሞ "ነገ ውጣ መባሌ ለማይቀር ቤት ለምን ላዋጣ?" ይላል፤ ማን ይፈርድበታል? በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማለቱ በዚህ በኩል መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ዓመት እንደሚቆይ ያወቀ ሰው የጎረቤቱን ስም ያውቃል፣ ዕድርም ይገባል።

ዕድር ካልኩ አይቀር፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲነሱ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ ሰዎች አሉ። የቀበሌ ቤቱ ጠባብ ነበር፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር፣ ጣራው ዝጎ ነበር። ያን ኑሮ ላሞካሸው አልፈልግም። ግን ማን ሲታመም ማን እንደሚጠይቅ ሳይነጋገሩ ያውቁ ነበር፣ የጋራ ቧንቧውን ሒሳብ ሲከፋፈሉ አርባ ዓመት ኖረዋል። ይህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ብሎክ ኮሚቴ ለማቋቋም አይቸገርም። ቤት ስትፈልጉ እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ካያችሁ ቆም ብላችሁ ሰላም በሏቸው።

እንግዲህ ቤት ልታዩ ስትሄዱ ከደላላው ጋር አንድ ጊዜ፣ ያለ ደላላው ሌላ ጊዜ ሂዱ። ማታ ሂዱ። ደረጃው መብራት አለው? የመጨረሻው ፎቅ ድረስ ውጡና ኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት እዩ። ጥበቃውን አነጋግሩ፤ ደመወዙ በሰዓቱ ይከፈለው እንደሆነ ጠይቁት፣ መልሱ ስለ ማኅበሩ ሁሉንም ይነግራችኋል። የማኅበሩን ሊቀ መንበር አግኙና ሻጩ ያልከፈለው መዋጮ ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ይዘጋ። ታች ያለችውን ባለሱቅ ደግሞ ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ጠይቋት፤ ደላላው "ውሃ ጠፍቶ አያውቅም" ማለቱ አይቀርም።

በእኛ ብሎክ አሁን የቀረው ጣራው ነው። ክረምት ሳይገባ መሠራት አለበት፣ ባለቤቶቹ ውጭ ሀገር የሆኑ ቤቶችን መዋጮ እንዴት እንደምንሰበስብ ግን ገና አልተስማማንም። ወኪሎቻቸው ኪራይ ይቀበላሉ እንጂ ስለ ጣራ ሲነሳ ስልክ አያነሱም። ይህን ችግር የፈታችሁ ብሎክ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት በድምፅ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ፣ ለኮሚቴያችንም አደርሰዋለሁ። ደህና ሰንብቱ።