«ሆዴን» ሲለኝ

እሺ ሰላም ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባ ይቅርታ፣ ጅማ ነው እንግዲህ ምን ላድርግ። ልጄ ተኝቷል። ስለሱ ነው የማወራው።

ነገሩ የጀመረው በጉንፋን ነው። ተራ ጉንፋን በቃ። ሶስት ቀን ንፍጥ፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ዳማከሴ ጨመቅንለት፣ በአራተኛው ቀን ኳስ ሜዳ። ረሳሁት እኮ! ከዛ ሳምንት ምናምን ቆይቶ «ሆዴን» ማለት ጀመረ፣ ምግብ እምቢ አለ፣ ሁለቴ አስመለሰው። እሁድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዘመድ መጥቶብን ወደ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ስንወጣ፣ ሁልጊዜ ቀድሞን የሚሮጠው ልጅ መሀል ዳገት ላይ ቁጭ ብሎ «እማ እዘይኝ» አለኝ። ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ደግሞ ተቆጣሁት። እሱን እስካሁን አልረሳሁትም።

አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ሰገራ ታየ፣ ጃርዲያ ነው ተብሎ ሽሮፕ ተሰጠን። እናቴ ደግሞ ምች ነው አለች። ማታ ሲተኛ ግን የልቡ ምት በፒጃማው ላይ ይታየኛል፣ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ በስልኬ 30 ሰከንድ ቆጠርኩ፣ 68፣ እጥፉ 136። ትኩሳት ለካሁ፣ የለውም። እናቴ «የልጅ ልብ ድሮም ፈጣን ነው» አለች፣ ልክ ናት፣ ግን በዚህ ዕድሜ፣ ተኝቶ፣ ያለ ትኩሳት 136 አይደለም። እሱን ያወቅኩት በኋላ ነው፣ ያን ለሊት ፍርሃት ብቻ ነው ባጃጅ ያስጠራኝ።

ሆስፒታል ኢሲጂ፣ የልብ ምት የሚመዘግበው፣ ተነሳ፣ ራጅ ላይ ልቡ ሰፍቷል ተባለ፣ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንዱ ማለት ነው፣ ሲታይ የልብ ጡንቻው ደክሟል። ማዮካርዳይተስ፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት ማለት ነው። እኔ ወዲያው «ቶንሲል ነው?» አልኩ፣ እኛ ሀገር ልጅና ልብ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን እሱ ነዋ። ዶክተሯ አይ አለችኝ፣ የቶንሲሉ ከባክቴሪያ ተነስቶ በብዛት ቫልቩን፣ የልብ በሩን፣ ነው የሚጎዳው፣ በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉት እነዛ ናቸው። ይሄ ግን ቫይረስ ነው፣ ጡንቻው ውስጥ ይገባል፣ ሰውነት ደግሞ ቫይረሱን አጠፋለሁ ሲል ጡንቻውን አብሮ ያቆስላል፣ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግለትም። ኢንፍሉዌንዛም፣ ኮሮናም፣ ኮክሳኪ የሚባለውም ያመጡታል። ኮክሳኪ እኮ የከተማ ስም ነው፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 1948 መጀመሪያ የተገኘው እዛ ስለሆነ ነው፣ ለሊት ሆስፒታል ቁጭ ብዬ ጎግል ሳደርግ ያገኘሁት የማይረባ እውቀት።

ሆዱስ? ልብ መግፋት ሲያቅተው ደም ወደኋላ ጉበት ላይ ይጠራቀማል፣ ጉበት ያብጣል፣ ያማል፣ ያስመልሳል። ልጅ «ልቤን» አይልም፣ «ሆዴን» ነው የሚለው። ለዛ ነው ክሊኒኩን ብዙም መውቀስ ያቃተኝ፣ ጃርዲያም እኮ እኛ ጋ በሽ ነው።

ጉንፋን የያዘው ሁሉ እንዲህ ይሆናል እያልኩ አይደለም ሰዎች፣ ብርቅ ነገር ነው፣ ከያዛቸውም ብዙዎቹ ይድናሉ። የኔም ደህና ነው፣ መድሃኒት እየወሰደ ልቡ እየተመለሰ ነው። ጣጣው ስድስት ወር ሩጫ የለም መባሉ ነው፣ ምክንያቱም ጡንቻው ሳይጠግግ ከሮጠ ምቱ ሊዛባ፣ ሊጥለው ይችላል። በወሩ እሱ ድኛለሁ ብሏል! ኳሷን ቁም ሳጥን ላይ ደበቅኳት። የሰፈር ልጆች ዳኛ አድርገውት ባርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ፊሽካ ይነፋል፣ ፔናልቲ ላይ ግን ተነስቶ ሊጣላ ይሮጣል፣ እኔ ደግሞ ከበር ላይ መጮህ።

አሁንም ማታ ማታ እቆጥራለሁ፣ ዶክተሯ ተይ ብላኛለች። ትላንት እየቆጠርኩ ነቃብኝ።

«እማ ስንት ሆነ?»

«82።»

ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «ኳስ ስንት ላይ ነው?» አለኝ።