አሮጌው ካርድ ምስክር አይሆንም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል፣ ከተገጠመ በኋላ ስክሪን በድንገት ስለሚጨልምበት ችግር ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ በዚህ ምክንያት «ተበላሽቷል» ተብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጡት ወይም በርካሽ ከተሸጡት ካርዶች ብዙዎቹ ምንም ያልሆኑ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

መተዳደሪያዬ የሰርግና የምረቃ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። አሮጌው ካርዴ ቢበዛ 75 ዋት የሚፈልግ፣ የሚበቃውን ኃይል ከማዘርቦርዱ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ብቻ የሚያገኝ ትንሽ ካርድ ነበር። አዲሱ ግን 170 ዋት ይወስዳል፤ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድም ይሰካበታል። ከዱባይ ያመጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ከደመወዟ ቆጥባ ገዛችው፤ በልብስ ጠቅልላ በእጅ ሻንጣዋ ይዛው መጣች። እንዲህ በሰው እጅ የመጣ ዕቃ ሲበላሽ ወደ ሱቁ መመለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር «ካርዱ ነው» የሚለው ፍርድ ይግባኝ የለውም፤ ከመፍረድ በፊት መመርመር ያለብን ለዚህ ነው።

ካርዱን ገጠምኩት፤ ኮምፒውተሩም በሰላም ተነሣ። ስጽፍም ሆነ ኢንተርኔት ስመለከት ምንም አልሆነም። የቪዲዮ ቀለም ማስተካከልና ፋይል ማውጣት ስጀምር ግን ስክሪኑ ድርግም ይላል። የአክስቴ ልጅ ደውላ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። «ውይ ወንድሜ፣ የተበላሸ ነው እንዴ ያመጣሁልህ?» አለችኝ። በድምጿ ውስጥ የነበረው ሐዘን እስካሁን ይሰማኛል። «ቆይ እህቴ፣ ገና አልታወቀም» አልኳት። በሙሉ ልቤ ምርመራ ውስጥ የገባሁት ከዚያ ስልክ በኋላ ነው።

ስክሪን ጨለመ ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዋናው ጥያቄ ስክሪኑ ሲጨልም ሌላው የኮምፒውተር ክፍል ምን እያደረገ ነው የሚለው ነው። ሙዚቃ ከፍታችሁ ሥሩ። ስክሪኑ ለአንድና ለሁለት ሰከንድ ጠፍቶ ሲመለስ ሙዚቃው ሳይቋረጥ ከቀጠለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከካርዱ ወደ ሞኒተሩ የሚሄደው ኬብል ነው። ምስሉ ቀድሞ ደርቆ፣ ከዚያ ጨልሞ፣ ከዚያ ከተመለሰ ደግሞ ወደ ድራይቨሩ፣ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር ወደሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ተመልከቱ። ዊንዶውስ ግራፊክስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚፈጠረውን በሚመዘግበው፣ ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብም 4101 የሚል ቁጥር ይጽፋል። ስክሪኑ ጠፍቶ የካርዱ ማራገቢያዎች በሙሉ ኃይላቸው ሲጮኹ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ጨርሶ ጠፍቶ ራሱ ሲነሣ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬው በአብዛኛው ወደ ኃይል ይዞራል።

የእኔ ኮምፒውተር ጨርሶ ይጠፋ ነበር። መዝገቡን ስከፍት 41 የሚለውን ቁጥር አገኘሁ። ይህ ቁጥር የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው፤ ለምን እንደጠፋ አይናገርም። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም መብራት ሲሄድም ያው 41 ይጻፋል። እኔ ግን ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የክፍሌ አምፖል እንደበራ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነጥብ እንምጣ። ጓደኞቼ በሙሉ አንድ ምክር ነበራቸው፦ «አሮጌውን ካርድ መልሰህ ግጠም፤ ካልጨለመ አዲሱ ተበላሽቷል ማለት ነው።» አሮጌውን መለስኩት፤ አልጨለመም። ግን ይህ ምን ያረጋግጣል? አሮጌው ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ፣ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል ከሚያከፋፍለው ሣጥን፣ የሚጠይቀው የአዲሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ከትንሽ ካርድ ጋር ለዓመታት ተስማምቶ ሊኖር ይችላል። በዚህ ሙከራ ማዘርቦርዱንና ሞኒተሩን በመጠኑ ነጻ ማውጣት ይቻላል፤ አዲሱን ካርድ መወንጀል ግን ፈጽሞ አይቻልም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ስንት ካርድ በዚህ ሙከራ ብቻ ተፈርዶበታል!

ከዚያ ይልቅ የሚናገረው ሙከራ ሌላ ነው። አዲሱን ካርድ እንደተገጠመ ትታችሁ፣ የኃይል ጣሪያውን በሶፍትዌር ወደ 70 ከመቶ አውርዱና ያንኑ ሥራ ሥሩ። እኔ ይህን ሳደርግ መጥፋቱ ቆመ። ሥራው ትንሽ ዘገየ እንጂ ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ወጣ። ካርዱ ኃይል ሲቀንስ ችግሩ ከቆመ፣ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይዞራል።

ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩ። በትልቁ 500 ዋት ይላል። ከሥሩ ባለው ሠንጠረዥ ግን የ12 ቮልቱ መስመር 25 አምፒር ነው፤ 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት። ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚጠቀሙት ይህንኑ መስመር ነው። በዚያ ላይ 170 ዋት የተባለ ካርድ ሁልጊዜ 170 ላይ አይቆምም፤ ከሰከንድ ሺኛ ክፍልፋይ ለማይዘልቅ ቅጽበት ከዚያ በላይ ይስባል። ኢንቴል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ኤቲኤክስ 3.0 በተባለው መስፈርት ለአዲሶቹ ትልልቅ ካርዶች የሚዘጋጁ ፓወር ሰፕላዮች ለቅጽበት ከአቅማቸው እስከ እጥፍ የሚደርስ ጭነት እንዲችሉ የተጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ግን ያን ጭነት ሲያይ ራሱን ለመጠበቅ ሊዘጋ ይችላል። ሰው ለካርድ ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ ለፓወር ሰፕላይ ሲሆን መከራከሩ ሁሌም ያሳዝነኛል።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ የምትጠቀሙም አላችሁ። በላዩ የሚጻፈው 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚሰጡት ከ400 ዋት በታች ነው። መብራት ሄዶ በባትሪ በሚሠራበት ጊዜ ከባድ ሥራ ከጀመራችሁ ዩፒኤሱ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ኮምፒውተሩን ለጊዜው ከዩፒኤስ አውጥቶ መሞከር ምንም ወጪ የለውም።

ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩት፤ የካርዱንም የኃይል ገመድ ጠቅ እስኪል ድረስ ገፍቼ ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ጨርሶ መጥፋቱ ቀረ። ነገር ግን አልፎ አልፎ ስክሪኑ ለአንድ ሰከንድ ጠፍቶ ይመለስ ነበር፤ ሙዚቃው ግን አይቋረጥም። ለካ ችግሩ ሁለት ኖሯል። የሞኒተሩን የማደሻ ፍጥነት፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ፣ ከ144 ኸርዝ ወደ 60 ሳወርደው ይህም ቆመ። ከካርዱ ወደ ሞኒተሩ የሚሄደው ኬብል ረጅምና ያረጀ፣ ዲስፕሌይፖርት የሚባል ዓይነት ነበር፤ በአጭር አዲስ ኬብል ስቀይረው 144ም ያለ ችግር ሠራ።

ስለ ድራይቨር ብዙ አልልም። በመዝገቡ 4101 የሚያዩ ሰዎች የአሮጌውን ካርድ ድራይቨር በሴፍ ሞድ፣ ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚነሣበት ሁኔታ፣ ገብተው ጠርገው ያጥፉ፤ ከዚያ አዲሱን ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ። አንድ ነገር ቀይራችሁ ሳትፈትኑ ሌላውን አትንኩ።

ካርዱን ራሱን የምጠረጥረው መቼ ነው? ከመጨለሙ በፊት ስክሪኑ ላይ የሌለ ቀለም፣ ነጠብጣብ ወይም መስመር ሲረጭ ጥርጣሬዬ ይጨምራል። ካርዱን በቂ ኃይል ባለው በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ በሌላ ኬብል፣ በተመሳሳይ ከባድ ሥራ ፈትኜው ያው ከጨለመ ግን ጥፋቱ የካርዱ ነው እላለሁ። ወደ ጥገና ቤት የምትሄዱም ብትሆኑ ስክሪኑ ሲጨልም ድምፁ ቀጥሎ እንደሆነ፣ ማራገቢያው ጮኾ እንደሆነ፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበረና መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የፓወር ሰፕላዩንም ሠንጠረዥ ፎቶ አንሡ። ስክሪኑ የሚጨልምባችሁ አድማጮች ይህንኑ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል እያነበብን እንመረምራለን። ደኅና ሁኑ።