አንገታችንን ማን አየልን?

እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ለዓመት ስብሰባችን «ስለ ጤና ትንሽ ተናገሪ» ስትሉኝ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እሱን ሌላ ሰው ይናገረው። እኔ የመጣሁት ስለ ማይግሬን፣ ስለዚያ እየተመላለሰ ራስን ስለሚፈልጠው ሕመም ነው።

ታውቁኛላችሁ። 11 ዓመት ከጎናችሁ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ሰፍቻለሁ። ራሴን ሲፈልጠኝ ሻሼን ግንባሬ ላይ ጥብቅ አድርጌ ሳስር አይታችሁኛል። «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ ያሻችሁልኝም እዚህ ተቀምጣችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ያንን የጥር ሰርግ አትረሱትም። የ6 ሚዜ ቀሚስ ነበር፣ ለቅዳሜ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የጣና ነጸብራቅ በመስኮቱ ገባ። መጀመሪያ አንገቴ ገተረኝ። ከዚያ ከግራ ዓይኔ ጀርባ እንደ ልብ ትርታ ይመታኝ ጀመር፣ የመኪናው ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፣ ያስመልሰኝ ጀመር። መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኛሁ። አንዷ እህታችን ያልተሰፋውን ሐር መስኮቱ ላይ ሰቅላ አጨለመችልኝ። 2 ቀን ሙሉ አልተነሳሁም፣ ቀሚሱን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል ዞሬያለሁ። ኪኒን ይጻፍልኛል፣ እወጣለሁ። በ11 ዓመት «ሥራሽ ምንድን ነው?» ያለኝ የለም! «እስቲ አንገትሽን ልየው» ያለኝ አንድ ሰው የለም! ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ ከተዋጠ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣስ ማን ነገረኝ? እኔ እኮ እንደ ቆሎ ነበር የምቅመው!

በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ፣ በማሸትና በእንቅስቃሴ ወደሚያክሙበት፣ ሄድኩ። ባለሙያዋ አስተኛችኝና ጸጉሬ ከሚጀምርበት፣ ከራስ ቅሌ ስር ሁለት ጣቷን አድርጋ ቀስ ብላ ተጫነች። ያው ከዓይኔ ጀርባ ያለው ሕመም ተቀሰቀሰብኝ! የላይኛው አንገት ነርቮችና የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ ከአንጎል በታች አንድ ቦታ እንደሚገናኙ ያን ቀን ሰማሁ። በሳምንት አንዴ አሸችልኝ፣ ቤት የምሠራው የአንገት እንቅስቃሴም ሰጠችኝ። ዳንኩ አልላችሁም። በወር ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ይመጣ የነበረው ሦስት አራት ሆነ። ሐኪም ያዘዘልኝን መከላከያ መድኃኒትም አላቆምኩም።

እሷም አልዋሸችኝም። ማስረጃው ገና ጠንካራ አይደለም አለችኝ። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ የኖርዌይ ጥናት አከርካሪን በእጅ ማስተካከልን ከማስመሰያ፣ ማለትም ሕክምና መስሎ ካልሆነ ነገር ጋር ሲያወዳድር ሁለቱም ወገን እንደተሻለው፣ ስለዚህ ያሻላቸው ማስተካከሉ ራሱ መሆኑ እንደማይታወቅ ነገረችኝ። ቢሆንም እንደ አንድ አማራጭ ሊነገረን ይገባ ነበር፣ እኔ የምለው ይሄንን ነው!

አንድ ነገር ግን አደራ። አንገታችሁን ጠምዝዤ ቋ ላድርገው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ወጌሻም ይሁን ሌላ፣ እምቢ በሉ። አልፎ አልፎ የአንገት ደም ሥር ተሰንጥቆ ስትሮክ ያመጣል። በድንገት የፈነዳ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ የአፍ መጣመም ከመጣ ደግሞ ቀጥታ ሆስፒታል።

የመቀመጫችን ቁመት፣ የመብራታችን ነገር፣ እሱን በሌላ ቀን እናወራዋለን። ዛሬ የምጠይቀው አንድ ነው። ራሱን ለሚያመው አባል የመጀመሪያውን የፊዚዮቴራፒ ምርመራ የማህበራችን ካዝና ይክፈል። ለለቅሶ የምናወጣውን ያህል እንኳ አይሆንም! አሁኑኑ ድምፅ ይሰጥበት። ቃለ ጉባኤ የያዘው ማነው? ጻፍልኝ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።