ድልድዮቻችን ቆመው ሳሉ ይለኩ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የከተማችን አስጎብኚዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤

ስለ ሞስታር ድልድይ ጉብኝቴ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ድልድዩ የሚገኘው በቦስኒያና ሄርዞጎቪና ነው፤ በስተመጨረሻ የማቀርብላችሁ ልመና ግን ጎንደርን የሚመለከት ነው።

ሞስታር በነረትቫ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ድልድዩን ያሠሩት የኦቶማን ቱርኩ ሱልጣን ሱለይማን ሲሆኑ፣ የታላቁ አርክቴክት የሲናን ደቀ መዝሙር የነበረው ሚማር ሃይሩዲን እ.ኤ.አ. በ1566 ሠርቶ ፈጽሞታል፤ ይህም አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻቸው ከማድረጋቸው 70 ዓመት ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው። በወንዙ መካከል አንድም ምሰሶ አልተተከለም፤ 29 ሜትር ያህል የተዘረጋ አንድ የድንጋይ ቅስት ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል። መንገዱ ከሁለቱም ወገን ሽቅብ ወጥቶ መካከሉ ላይ ይገናኛል፤ ድንጋዩም ስለሚያሟልጭ፣ እግር እንዳይንሸራተት አግድም ጉብ ጉብ ያሉ መርገጫዎች ተሠርተውለታል። በበጋ የከተማዋ ወጣቶች ከአናቱ ላይ ከ20 ሜትር በላይ ወደሚርቀው ቀዝቃዛ ውኃ ይዘላሉ። አብዛኛው ጎብኚ እነርሱን ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል፤ እኔ ግን ከድልድዩ ራስ ባለው ግንብ ውስጥ የሚገኘውን ሙዚየም ሳያይ የሚሄድ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ እንደሄደ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ የምንሻገረው ቅስት በቅርብ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው።

የመጀመሪያው ቅስት በቦስኒያ ጦርነት ወቅት የክሮአት ኃይሎች በተኮሱበት ከባድ መሣሪያ ተመትቶ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1993 ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ከጦርነቱ በኋላ ዩኔስኮ፣ የዓለም ባንክና ልዩ ልዩ መንግሥታት ተባብረው እንደገና ለመሥራት ሲነሡ፣ የሃንጋሪ ጦር ጠላቂዎች የወደቁትን ድንጋዮች ከውኃው አወጡ። አብዛኞቹ ግን ለግንባታ የማይሆኑ ሆነው ስለተገኙ ቴነሊያ የሚባለው የአካባቢው ድንጋይ እንደ ጥንቱ ተጠረበ፤ ድንጋዮቹም እንደ ጥንቱ በብረት ማያያዣ ተያይዘው፣ የብረቱ ማስገቢያ ቀልጦ በፈሰሰ እርሳስ ተደፈነ። ድልድዩ እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 2004 ተመረቀ፤ በማግስቱ ዓመትም ከአሮጌው ከተማ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ይህን ሁሉ የገንዘብ ኃይል ብቻ ያደረገው አይመስለኝም። ገንዘቡ ቢገኝም እንኳ፣ ድልድዩ ቆሞ ሳለ የተወሰዱ ልኬቶች፣ ንድፎችና ፎቶግራፎች ባይኖሩ ኖሮ የቅስቱን ትክክለኛ ቅርጽ ማንም ሊመልሰው አይችልም ነበር። በጥሩው ጊዜ፣ አደጋ ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው በሌለበት፣ ባለሙያዎች ሜትር ይዘው ለክተውት ነበርና ከተማዋ ድልድይዋን መልሳ አገኘች።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ጎጃምንና ጎንደርን ለማገናኘት በዓባይ ላይ የተሠራውን፣ የአፄ ፋሲለደስ ዘመን ሥራ የሆነውን ስባራ ድልድይ ታውቁታላችሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት ተብሎ ቅስቱ ተሰበረ፤ አገርን ለማዳን የተደረገ ስለሆነ ይህን ለወቀሳ አላነሣውም። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ገበያተኛው፣ በሽተኛው፣ ዘመድ ጠያቂው ለአሥርተ ዓመታት ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ከሥሩ ዓባይ እየፈሰሰ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የወጣ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ያየ አንድ አሜሪካዊ ተነሥቶ ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ፤ ያንን ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ በአቅራቢያው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሕዝቡ መሻገሪያ አግኝቷልና ምስጋና ይገባቸዋል። የጥንቱ ቅስት ግን እስከ ዛሬ እንደተሰበረ ነው።

ጎንደር የኖራ ከተማ ናት። ድንጋዩን በእቶን አቃጥሎ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ አሳድሮ፣ ከአሸዋ ጋር ለውሶ መገንባት እዚህ የቆየ ሙያ ነው። ሙያው ሲዘነጋ ምን እንደሚደርስም በፋሲል ግቢ አይተናል፤ በጣሊያን ዘመን ጥገናው በሲሚንቶና በአርማታ ተደርጎ ስለነበር፣ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች እርሱን እያስወገዱ ወደ ኖራው መመለስ ነበረባቸው። ሲሚንቶ ጠንካራ መስሎ ይታያል እንጂ እርጥበቱን አፍኖ የቆየውን ድንጋይ ይጎዳል። ይህ ትምህርት ለግንቦቹ ብቻ ሳይሆን፣ በከተማችንና በዙሪያዋ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠሩ ለሚነገርላቸው የድንጋይ ድልድዮችም ይሠራል፤ እነርሱ እንደ ግንቦቹ አጥርና ጠባቂ የላቸውም።

ልመናዬ ይህ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባሉት የበጋ ወራት ወንዞቹ ሲጎድሉ የቅስቶቹ እግር ይታያል፤ ያን ጊዜ የምህንድስናና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሜትርና ካሜራ ይዘው እያንዳንዱን ድልድይ ይለኩ፣ ይንደፉ፣ በድንጋዩ መገጣጠሚያ የበቀለውን ቁጥቋጦና የተሸረሸረውን ኖራ ይመዝግቡ። አስጎብኚዎች የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ የሚናገሩትን ጻፉ፤ እንግዶቻችሁንም ከፋሲል ግቢና ከመዋኛው በኋላ ወደ ድልድዮቹ ውሰዷቸው፣ የነገሥታቱን ስም ብቻ ሳይሆን የግንበኛውንም ሥራ አሳዩአቸው። በኖራ ሥራ ያረጁ ግንበኞች ከተማሪዎቹ ጋር አብረው ይሂዱ፤ ለሙያቸውም ተገቢው ክፍያ ይሰጣቸው። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1888 በድርቡሽ እጅ ስትቃጠል ብዙ መጽሐፍ አብሮ ጠፍቷልና፣ የሚሰበሰበው ልኬትና ንድፍ ቅጂው ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ይቀመጥ።

በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የምትፈልጉ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንድንነጋገር እጠይቃለሁ። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።