የፎንዱ ድስትና የተጣበቀው ቺዝ

ሳራ፦ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ዕቃ ማጠብ ነው። ቆዩ፣ አትዝጉት።

ብሩክ፦ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ ርዕሱን ያመጣሁት።

ሳራ፦ በል ተናዘዝ።

ብሩክ፦ ጾመ ነቢያት ሳይገባ አንድ ቀን ልብላ ብዬ ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼን ጠራሁ። እዚሁ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ፣ ቤቴ። ግማሽ ግሩየር፣ ግማሽ የፍሪቡር ቫሽራን የሚባሉትን ቺዞች አድርጌ ፎንዱ ሠራሁ፤ ያው ዳቦ እየተነከረበት የሚበላው የቀለጠ ቺዝ።

ሳራ፦ «ሞቲዬ ሞቲዬ» የሚሉትን።

ብሩክ፦ እሱን። በልተን ስንጨርስ ታች ላይ ቺዙ ድርቅ ብሎ ተለጥፏል። ድስቱን ገና ትኩስ እያለ ቧንቧ ስር ከተትኩት። ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቅኩበት። ጧ!

ሳራ፦ ሸክላ ነበር አይደል?

ብሩክ፦ ሸክላ። ደግሞ የኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ ነው።

ሳራ፦ ኧረ በማርያም! የሰው ዕቃ? እናትህ ጀበና ከእሳት አንስተው ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፉበት አይተህ ታውቃለህ?

ብሩክ፦ አላውቅም።

ሳራ፦ ካክሎንም፣ ይሄ የፎንዱ ሸክላ ድስት፣ ያው ነው። ሸክላ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በራሱ ጊዜ ይብረድ።

ብሩክ፦ እሺ፣ በረደ እንበል። ከዚያ ሙቅ ውሃ?

ሳራ፦ እሱ ሁለተኛው ስህተት ነው። ሙቅ ውሃ የቀረውን ቺዝ መልሶ ያቀልጠዋል። እንደ ማስቲካ እየተሳበ ስፖንጁ ላይ ይጠመጠማል። ያንን ስፖንጅ ከመጣል ውጪ ምንም አታደርገውም። መጀመሪያ ለስላሳውን በማማሰያ ጠርገህ በሶፍት ጥቅልል አድርገህ ጣለው። ላቫንዲኖ ውስጥ እንዳትደፋ፤ ስቡ ቧንቧው ውስጥ ይረጋና ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ሙላበት፣ ጠብታ ሳሙና ጨምርና ሂድ ተኛ።

ብሩክ፦ በቃ? መተኛት?

ሳራ፦ በቃ። ቺዙም፣ አብሮት የገባው የበቆሎ ስታርችም ሌሊቱን ውሃ ሲጠጡ ያድራሉ። ጠዋት በእንጨት ማማሰያ ገፋ ስታደርገው እንደ ቅርፊት ይነሳል። ሸክላው ውስጡ ካልተለበጠ ግን ሳሙናውን ተወው። ይመጠዋል። የሚቀጥለው ፎንዱህ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ብሩክ፦ እኔ ሽቦ አዘጋጅቼ ነበር።

ሳራ፦ ሽቦ ለአሉሚኒየም ድስት ይሁን! ኢናሜል የተቀባ ብረት ድስት ካለህ ሽቦው ይጭረዋል። በሌላ ጊዜ ቺዙ ያንን ጭረት ይዞ ነው የሚያርረው።

ብሩክ፦ አርሮ የጠቆረውስ?

ሳራ፦ ኢናሜል ከሆነ፣ እላዩ ላይ ውሃ ሙላ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምር፣ በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ ይንተክተክ።

ብሩክ፦ ቆይ፣ ሙቅ ውሃ አይነካም አላልሽም?

ሳራ፦ ያ ለለስላሳው ቺዝ ነው። ያረረው ከዚህ በኋላ አይቀልጥም፣ ከሰል ሆኗል። ሶዳው ስቡንና ፕሮቲኑን እያላቀቀ ያስለቅቀዋል።

ብሩክ፦ አቼቶም ልጨምርበት? ቪዲዮ ላይ አረፋው ደስ ይላል።

ሳራ፦ አረፋው ነው የሚሸውዳችሁ! ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ጉልበት የሌለው ውሃ ነው የሚቀርህ። አንዱን ምረጥ። እኔ ሶዳውን ነው የምመርጠው።

ብሩክ፦ ገባኝ።

ሳራ፦ ግን እኮ ያ ታች የተለጠፈው ሳይበላ ነው ወደ ቧንቧ የወሰድከው?

ብሩክ፦ ይበላል እንዴ?

ሳራ፦ ብሩኬ! ምርጡን ነው የጣልከው። «ላ ረሊጅየዝ» ይሉታል፣ መነኩሲቷ ማለት ነው። ጀርመንኛ የሚናገሩት ደግሞ «ግሮስሙተር»፣ አያት። ድስቱ ሊያልቅ ሲል እሳቱን ዝቅ ታደርጋለህ። ታች ያለው ቡናማ ሆኖ ኩርሽም ኩርሽም ሲል ትፈቀፍቅና ለሁሉም ታካፍላለህ።

ብሩክ፦ ልጆች ሆነን የሽሮ ድስት ልንጠርግ እንደምንጣላው!

ሳራ፦ በትክክል። መነኩሲቷ በደንብ ከተበላች የሚታጠብ ነገር ብዙም አይቀርም። ስትበሉም ዳቦው ላይ ላዩን ብቻ አይንሳፈፍ። ታች ድረስ አውርዳችሁ በ8 ቁጥር ቅርፅ አዙሩት። ሁሉም ሰው አማሳይ ነው፤ ያኔ አያርርም።

ብሩክ፦ አሁን ለጎረቤቴ አዲስ መግዛት አለብኝ።

ሳራ፦ ሸክላ ከገዛህላቸው አሟሽተህ ስጣቸው።

ብሩክ፦ እንደ ምጣድ? ጎመን ዘር ከየት ላምጣ?

ሳራ፦ ጎመን ዘር አይደለም እዚህ። ግማሽ ወተት ግማሽ ውሃ አድርገህ ታፈላበታለህ።

ብሩክ፦ እሺ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ቡናም አፍልቼ በጀበና ልውሰድላቸው?

ሳራ፦ ውሰድላቸው። ጀበናውን ግን እሳቸው ይጠቡት።