ሳቁን የምትጠብቅ ሴት

እንደምን አመሻችሁ!

ፊልሙ እስኪጀመር ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። የመጣችሁት እኔን ለመስማት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፈንዲሻውም እየቀዘቀዘ ነው።

የዛሬው ፊልም «ዲነር አት ኤይት» ይባላል። በ1933 የተሠራ ነው። ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በእኛ ሰዓት ከተረጎምነው «እራት በሁለት ሰዓት» ነው የሚሆነው። ማስታወቂያው ላይ «እራት በስምንት» ብለን ጽፈን ቢሆን ኖሮ ግማሻችሁ በቀን መጥታችሁ በሩን ተዘግቶ ታገኙት ነበር።

ማውራት የፈለግሁት ፊልሙ ውስጥ ስላለች አንዲት አሮጊት ነው። ማሪ ድሬስለር ትባላለች። ሲቀረጽ 64 ዓመቷ ነበር። ወፍራም ናት፣ ፊቷ የተጨማደደ ነው፣ ድምፅዋ ሻካራ ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ትኬት በማሸጥ አንደኛ የነበረችው ግን እሷ ነች። የዘመኑ ቆንጆ ኮከቦች፣ ጂን ሃርሎ አይደለችም፣ ግሬታ ጋርቦም አይደለችም። የሲኒማ ቤት ባለቤቶች በየዓመቱ ኮከቦችን ደረጃ ሲያወጡ በ1932ም በ1933ም አንደኛ ያደረጉት እሷን ነው። እንዴት ሆነ?

ከልጅነቷ ልጀምር። በ1868 ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ፣ ኮበርግ በምትባል ከተማ ተወለደች። በ14 ዓመቷ ከቤት ወጥታ ተዘዋዋሪ የቴአትር ቡድን ውስጥ ገባች። አባቷ የቤተሰቡ ስም መድረክ ላይ እንዲጠራ ስላልፈለጉ የአክስቷን ስም ወሰደች። «አዝማሪ ሆነች» መባል ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ሰዎች እዚህ አላችሁ። ኮበርግም ያው ነበር ለካ።

ቆንጆ አልነበረችም። እሷም አልደበቀችውም። በ1924 ያሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ርዕስ ላይ ራሷን አስቀያሚዋ የዳክዬ ጫጩት ብላዋለች። ስለዚህ ኮሜዲ ያዘች። ኮሜዲ ደግሞ መድረክ ላይ ጨካኝ አስተማሪ ነው።

ስለ ራሴ አንዲት ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ኮሜዲዬ ላይ አንድ ቃል ተናገርኩ፣ አዳራሹ ሳቀ። ደንግጬ ቀጠልኩ። በሳቁ መሃል የተናገርኩትን ማንም አልሰማም፤ የትዕይንቱ ምርጥ ነጥብ ደግሞ እሱ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ አንዲት ታላቅ እህቴ የምላት ተዋናይት ያዘችኝና «ሳቁን ጠብቀው እንጂ! ወጥቶ ሊወርድ ሲል ነው የምትናገረው» አለችኝ። ሳቅ እንደ ወተት ነው፣ ይገነፍላል፣ ከዚያ ይወርዳል። መቼ መናገር እንዳለበት ለተዋናዩ የሚነግረው ጆሮው ብቻ ነው። ማሪ ይህን ለሠላሳ ዓመት ያህል በየምሽቱ ተምራዋለች።

በ1914 የኮሜዲ ፊልም ሠሪው ማክ ሴኔት ወደ ፊልም ጠራት። ቲሊ የምትባል ገጸ ባሕርይ ነበረቻት፤ ኒውዮርክ መድረክ ላይ ጭብጨባ ያገኘችባት። በእሷ ላይ ተመሥርቶ ረጅም ኮሜዲ ተሠራ። በወቅቱ ኮሜዲ ማለት አጭር ነገር ነበርና ይህ ደፋር ሥራ ነው። ዋናዋ ኮከብ ማሪ ነች። አጃቢው ማን ይመስላችኋል? ቻርሊ ቻፕሊን። ገና ጀማሪ ነበር።

ፊልሙን ዛሬ ስታዩት እውነቱን ለመናገር ያደክማል። እጅ ይወራጫል፣ ዓይን ይጉረጠረጣል፣ ሰው ይወድቃል፣ ይረገጣል። ማሪ ከኋላ ወንበር ላለ ሰው ነው የምትጫወተው፤ ካሜራው ግን አፍንጫዋ ሥር ቆሟል። ከመድረክ ወደ ካሜራ የሄደ ሁሉ ይህ በሽታ ይይዘዋል። እኔንም ይዞኛል። ዳይሬክተሩ «ቀንሰው፣ ቀንሰው» እያለ ቀኑ መሽቷል።

ከዚያ 1919 መጣ። የብሮድዌይ፣ የኒውዮርክ ትልቁ የቴአትር ሰፈር፣ ተዋንያን አድማ መቱ። የኅብረ ዝማሬና የውዝዋዜ ልጆች ለልምምድ ሳምንታት ምንም አይከፈላቸውም ነበር። ማሪ ራሷ ከዚያ ጎራ ነው የተነሳችው። ስለዚህ የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። ከአድማው በኋላ ሥራዋ እየሳሳ ሄደ። ፕሮዲውሰሮቹ ቂም ይዘውባት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዕድሜም አለ፣ የሕዝቡ ጣዕምም ተለውጧል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ስልኳ አይጠራም ነበር።

ያነሳቻት አንዲት ጸሐፊ ነች። ፍራንሲስ ማሪዮን። በወጣትነቷ ጋዜጠኛ ሳለች ማሪ ደግ ሆናላት ነበር። አሁን ኤምጂኤም የሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ትልቅ የፊልም ጸሐፊ ሆናለች። ውለታውን አልረሳችም፤ ለማሪ የሚሆን ቦታ በብዕሯ ከፈተችላት። እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጣችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። በጥቅምት 1927 ተዋናዩ ሲናገር የሚሰማበት የመጀመሪያው ረጅም ፊልም፣ «ዘ ጃዝ ሲንገር»፣ ወጣና ሆሊውድ ተተራመሰ። ማይክሮፎኑን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ይደብቁታል። ካሜራው ስለሚጮኽ ድምፅ የማያሳልፍ ሳጥን ውስጥ ከነባለሙያው ይቆለፍበታል። ተዋናዩ ከአበባው ከራቀ ድምፁ ይጠፋል። ስቱዲዮዎቹ ከኒውዮርክ መድረክ ተዋንያንን በባቡር ያስመጡ ጀመር። «መናገር የሚችሉት እነሱ ናቸው» ነው ነገሩ።

የተለመደው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ያበሩት ድምፃቸው ስለሚያስቀይም ጠፉ፣ የመድረኮቹ ድምፃቸው ስለሚያምር ተሳካላቸው። እኔ ግን በሙሉ አልቀበለውም። ከመድረክ ከመጡትም ብዙዎቹ ቃሉን እያንቀረቀቡ፣ መግለጫ የሚያነቡ እየመሰሉ ቀርተዋል። የማሪ ድምፅ ደግሞ እንደ ድሮ ወፍጮ ነው የሚያንኮራኩረው።

እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ሰው ቢስቅ ምንም አይቀርበትም፤ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ተናጋሪ ፊልም ግን አይጠብቅም። ሰው ሲስቅ ቀጣዩ ቃል ያልፈዋል። እንግዲህ ተዋናዩ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ማንም በማይስቅበት ጸጥታ፣ ከወራት በኋላ ሌላ ከተማ የሚስቀውን ሰው መጠበቅ አለበት። የሌለ ሳቅ መስማት አለበት። ይህን ጆሮ ማሪ ከመድረክ ይዛው መጥታለች።

በ1930 «አና ክሪስቲ» ወጣ። ማስታወቂያው «ጋርቦ ተናገረች!» ነበር። ሕዝቡ የጋርቦን ድምፅ ሊሰማ ተሰልፎ ገባ። ጋርቦ ግን ፊልሙ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ገደማ ቆይታ ነው የምትመጣው። እስከዚያ ማሪ አለች። ማርቲ የምትባል የወደብ ሰካራም አሮጊት ሆና። ተመልካቹ ጋርቦን ሊያይ ገብቶ ስለ ማርቲ እያወራ ወጣ።

በዚያው ዓመት «ሚን ኤንድ ቢል» ተከተለ። ኅዳር 10 ቀን 1931 ሎስ አንጀለስ፣ ቢልትሞር ሆቴል፣ የምርጥ ተዋናይት ኦስካር ሰጧት። 63 ዓመት የሞላት ከአንድ ቀን በፊት ነበር። የምርጥ ተዋናይ ሽልማቱን የወሰደው ላዮነል ባሪሞር ነው፤ እሱም የመድረክ ልጅ።

ብዙ ጊዜ አልቀራትም ነበር። ካንሰር ያዛት፤ በሐምሌ 1934 ሳንታ ባርባራ ውስጥ አረፈች። የዛሬው ፊልም ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቿ አንዱ ነው።

ስታዩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው ጆን ባሪሞር ነው፣ የላዮነል ወንድም። ጊዜው ያለፈበት የድምፅ አልባ ፊልም ኮከብ ሆኖ ይጫወታል። ማሪ ደግሞ ከመድረክ የራቀች የቀድሞ የቴአትር ኮከብ። ሁለቱም ታሪኩ ባዕድ አልሆነባቸውም። ባሪሞር ሲጫወት ፊቱን ተመልከቱ። ሌላ አልጨምርም።

ሁለተኛው መጨረሻው ነው። እንግዶቹ ወደ እራት እየገቡ ነው። ጂን ሃርሎ ከማሪ ጎን ትሄዳለች፤ የሚያብረቀርቅ ልብስ፣ ነጭ ፀጉር፣ ምንም የማያሳስባት ልጅ። በመሃል «በቀደም መጽሐፍ ሳነብ» ትላለች።

እዚህ ላይ የማሪን እግር እዩ። ገና ቃል ከአፏ ሳይወጣ ሰውነቷ ነው የሚሰማው። እርምጃዋ ይደናቀፋል፣ ገላዋ በሙሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያ ነው አንገቷ ዞሮ ልጅቱን የሚያያት። እጅ አልተወራጨም፣ ዓይን አልተጉረጠረጠም። የ1914ቷ ቲሊ አለች፣ ግን ቀንሳዋለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ያኔ ስቱዲዮ ውስጥ ማንም አልሳቀም። የምትጠብቀው እናንተን ነው።

ከዚያ በኋላ ማሪ ለልጅቱ የምትሰጣትን መልስ አልነግራችሁም። መብራቱን አጥፉልን።