ዕቅዱ ከመናኸሪያ ይጀምር

እንደምን አደራችሁ። የተሰጠኝ 10 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ፕሮቶኮሉን ልዝለለው። አለቆቼ ቅር እንዳይላችሁ።

የክልላችንን የካንሰር ዕቅድ ረቂቅ ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል። ማሽን አለ፣ ሕንፃ አለ፣ ሥልጠና አለ። መናኸሪያ ግን የለም። እኔ በነርስነት ዘመኔ ከበሽታው እኩል ሰው ሲጥል ያየሁት መንገዱን ነው።

አንዲት እናት ነበሩ። ደም ይፈሳቸዋል፣ ለማንም አልተናገሩም፣ መጀመሪያ ጸበል ሄዱ (ጸበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እሄዳለሁ)። እኛ ጋ ሲደርሱ ዓመት ሊሞላው ነው። ከማኅፀን በር ናሙና ተወሰደና ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ገባ። ከዚያስ? ለልጃቸው ተሰጠው። ልጁ በፌስታል ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳይፈስበት ሲጠብቀው ዋለ። ውጤቱ አምስት ሳምንት ፈጀ። ሪፈር ጻፍንላቸው። በሬ ተሸጠ፣ አዲስ አበባ አልጋ ተከራዩ፣ ቀጠሮው ለወራት ተባለ፣ ብሩ አለቀ፣ ተመለሱ። እኛ መዝገብ ላይ ግን «ሪፈር ተደርጓል» ይላል። ለሪፖርት ያማረ ነው። በዚያ ሩብ ዓመት አፈጻጸማችን 100 ፐርሰንት ነበር!

ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። አሁን እንደ ጅማ ያሉ ተጨምረዋል፣ እሰየው። ማሽኑ ቢቀርብም ግን ለዋግ ኽምራ ገበሬ አሁንም ሩቅ ነው። የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘብ በዕቅዱ ውስጥ ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ይኑረው። ናሙናውንም ጤና ጣቢያው ራሱ ይላከው፤ የሰው ልጅ የእናቱን ሥጋ ታቅፎ አይንከራተት።

ደግሞ እኮ የማኅፀን በር ካንሰር ሳይደርስ የሚያዝ በሽታ ነው። ምርመራው ምን ይፈልጋል? የተበረዘ ኮምጣጤ፣ ጥጥ፣ ጥሩ መብራት፣ የሠለጠነች ነርስ። ትቀባለች፣ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፣ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ነገር ካለ ታየዋለች። ለሕክምናው የሚመች ሆኖ ከተገኘ እዚያው በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ይታከማል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ቅዝቃዜው በጋዝ ነው የሚሠራው፣ ጋዙ በሲሊንደር ነው የሚመጣው፣ ሲሊንደሩ ከባድ ነው፣ ባዶ ሲሆን የሚሞላው ከተማ ነው። የሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ሲሊንደሩ ባዶውን ጥግ ቆሞ ፎጣ ማድረቂያ ሆኖ ነበር። ሴቶቹን እንመረምራለን፣ ነጩን እናያለን፣ «ጋዝ ሲመጣ እንጠራሻለን» እንላለን። የቱ ስልክ ላይ ነው የምንጠራት? በሙቀት የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚነሳ መሣሪያ አለ፤ ጋዝ አይፈልግም፣ ከደቂቃ በታች ይጨርሳል። ለገጠር የሚገዛው እሱ ነው።

ክትባቱም አለ። በ2011 የ14 ዓመት ልጃገረዶችን ይዞ ተጀመረ፣ በ2017 ኅዳር ላይ ከ9 እስከ 14 ያሉትን በዘመቻ ከተብን፣ ያውም አንድ ዶዝ ይበቃል ተብሎ ሥራው ቀለለልን። ግን በብዛት የምናገኛቸው ትምህርት ቤት ነው። ከብት የምትጠብቀዋን፣ ተድራ የሄደችዋን ማን ያውቃታል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታውቃታለች። ፕሮግራሙ በ1995 ከተጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸው። ሥራ ግን በላያቸው ላይ ቆልለናል፤ ካንሰርንም ስንጨምርባቸው ምን እንደምናነሳላቸው እንንገራቸው።

ቁጥሩን በተመለከተ አጭር ልበል። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2004 ነው የተጀመረው፣ ለዓመታት የአገሪቱ ግምት በአብዛኛው እሱ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። የከተማን መዝገብ ይዞ ለላስታ ማቀድ ሳይለኩ ሸማኔውን ጋቢ ሥራልኝ እንደማለት ነው። የቀበሌ ሞት ይመዝገብ፣ የሞቱም ምክንያት በቤተሰቡ አንደበት ይጻፍ።

ሞርፊንም እንዳይረሳ። ዘግይተው ለሚመጡት፣ ለማናድናቸው፣ ሕመማቸውን ማስታገስ እንችላለን። እኚያ እናት የመጨረሻ ሳምንታቸውን ያሳለፉት በፓራሲታሞል ነው። ጎረቤት ድምፃቸውን ይሰማ ነበር።

በቃ ደቂቃዬ አልቋል። የዞን ኃላፊዎች፣ ከምሳ በፊት አንድ ነገር ስጡኝ፦ ሲሊንደሩ ባዶ የሆነበት ጤና ጣቢያ የቱ የቱ ነው? በወረቀት ጻፉልኝ። በሩ ጋ ቆሜ እሰበስባለሁ።